ገል፦ በድሬ፣ በሐረርና በቶሮንቶ መካከል የተሠራ የጥበብ ሥራ ማስታወሻ

ጥር 13፣ 2017

ሦስት ነን። እኔ ድሬዳዋ ሳቢያን ነኝ፤ ኤሌክትሮኒክሱና ኤዲቲንጉ የኔ ድርሻ ነው። አንዷ ሐረር ጁገል ውስጥ ድምፅ ትቀዳለች። ሌላዋ ቶሮንቶ ሆና ቪዲዮና አኒሜሽን ትሠራለች። ሦስታችንም አንድ ቤት ተቀምጠን ከሠራን ስድስት ዓመት አልፎናል።

ርዕሱ መጀመሪያ «ተሰባሪነት» ነበር። የሐረሯ «ይሄ የስብሰባ ቃል ነው» ብላ ጣለችው። «ገል» አልነው።

ሐሳቡ፦ የተሰበረ ጀበና ገሎች በክር ይንጠለጠላሉ። ሰው ሲነካቸው ከሐረር የተቀዳ ድምፅ ይወጣል። ከኋላ ደግሞ ጥሬ፣ ማለትም ያልተቃጠለ ጀበና ውሃ ውስጥ ሲፈርስ የሚያሳይ ቪዲዮ በፕሮጀክተር ይታያል። ቦታው ከዚራ፣ የጓደኛዬ ግቢ፣ ዛፍ ሥር።

ስብሰባ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት። ለቶሮንቶዋ ቀን 7 ሰዓት ነው፣ የምሳ ዕረፍቷ። ፋይል በነጻው ቴሌግራም፤ ከ2 ጊጋ በላይ ስለማይቀበል ከዚያ የከበደ ነገር አይላክም። ፎቶ «እንደ ፋይል» ካልሆነ አይላክም፤ አለዚያ አሳንሶ ያበላሸዋል። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በሁለተኛው ቀን የጣስኩትም እኔው።

ጥር 24

ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። ጀበና የሚሸጡትን ሴትዮ፣ አዴን፣ ጥሬ ጀበና እንዲያመጡልኝ ጠየቅኳቸው። «ምን ያደርግልሃል? ቡና አያፈላም እኮ» አሉኝ። ውሃ ውስጥ ልከተው ነው ስላቸው ትንሽ አዩኝና ዋጋውን ከተቃጠለው ጋር እኩል አደረጉት፤ 250 ብር። ለጥሬ ነገር ይህን ያህል? ብዬ ልከራከር ነበር።

«የተቃጠለውን አህያ ላይ እጭነዋለሁ። ጥሬውን ግን ታቅፌ ነው የማመጣልህ» አሉ።

ከፈልኩ። ስድስት አዝዤ አራት ደረሰ፤ የተሰበሩትን ሁለቱን አላስከፈሉኝም። ገል ሲፈጭ ከአዲስ ጭቃ ጋር እንደሚደባለቅም ያወቅኩት ከሳቸው ነው፤ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ለሥራው የሚሆነኝን የተሰበረ ጀበና በነጻ ሰጡኝ፤ ግን ሁሉንም አይደለም፣ ለራሳቸው የሚፈጩትን አስቀርተው።

የካቲት 2

የመጀመሪያው ቀረጻ አልተሳካም።

ጥሬውን ጀበና በመስታወት ገንዳ ውስጥ አስቀምጬ ስልኬን ትራይፖድ ላይ አሰርኩ። በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ። ውሃ ጨመርኩ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓት። ስድስት ሰዓት ቆይቶ አፉ አካባቢ ትንሽ ላላ፣ ውሃው ቀላ፤ በቃ። ከ4,000 በላይ ፎቶ አለኝ፤ በሁሉም ላይ የተቀመጠ ጀበና ነው። ስልኩ ግሎ ሁለት ጊዜ ራሱን አጥፍቷል።

ለአዴ ደወልኩ። ሳቁብኝ። «ገና እርጥብ ነው እኮ! እርጥብ ጭቃ ውሃ አይፈራም። አድርቀው።»

እኔ እኮ ተቃራኒው መስሎኝ ነበር፤ እርጥቡ ቶሎ የሚፈርስ፣ ደረቁ የሚቆይ። በኋላ ሳስበው ገባኝ። እርጥቡ ጭቃ ክፍተቶቹ በውሃ ተሞልተዋል፤ ተጨማሪ ውሃ የሚገባበት የለውም። ደረቁ ግን ክፍተቶቹ አየር ስለሆኑ ውሃውን በአንዴ ይስባል፤ የታፈነው አየር ሲገፋ ግድግዳውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እሳት የገባው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከ600 ዲግሪ ካለፈ ወደ ጭቃ አይመለስም።

የካቲት 9

ሦስቱን ጀበናዎች አንድ ሳምንት ጣሪያ ላይ አዋልኳቸው። የድሬ ፀሐይ ለዚህ ሥራ አንደኛ ነው። ሲደርቁ ቀለማቸው ነጣ፣ ሲያንኳኩዋቸው ድምፃቸው ተለወጠ።

ውሃው ሥሩን እንደነካው ፍሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፤ ልክ አምቦ ውሃ ሲከፈት። ከሆዱ የአረፋ ክር መውጣት ጀመረ። በ7ኛው ደቂቃ እጀታው ወደቀ፣ ሳይሰበር፣ እንደ ደከመው ሰው ክንድ ተንሸራቶ። ከዚያ አፉ። ሆዱ በ22ኛው ደቂቃ በአንድ ጎን ተከፈተና ውስጡ ታየ። የጣት አሻራ አለበት፤ የሳቸው፣ የአዴ፣ ከውስጥ በኩል ሲያለሰልሱ የተዉት መስመር። ያንን መስመር የማየት ዕድል የሚገኘው ጀበናው ሲፈርስ ብቻ ነው። በ40ኛው ደቂቃ ክምር ጭቃ ሆነ።

40 ደቂቃ በየ5 ሰከንዱ 480 ፎቶ ነው። በሰከንድ በ24 ፍሬም 20 ሰከንድ ቪዲዮ ይሆናል። ለቶሮንቶዋ ስልክላት «ቀስ ይበል፣ በጣም ፈጠነ» አለች። ሁለተኛውን ጀበና በየ2 ሰከንዱ አነሳሁት። ሦስተኛውን በቪዲዮ፣ በ4ኬ። 11 ጊጋ መጣ። እንዴት ይላካል እንግዲህ?

ለጊዜው የተሠራበት መንገድ ይህ ነው፦ ከዋናው ፋይል ትንሽ ቅጂ፣ ፕሮክሲ፣ በ720 እሠራለሁ። 300 ሜጋ ነው፣ ሌሊት ላይ ይሄድልኛል። እሷ በትንሹ ትቆርጣለች፣ የቆረጠችበትን ፕሮጀክት ፋይል ብቻ ትልካለች፣ ጥቂት ኪሎባይት። እኔ እዚህ ከዋናው ጋር አገናኘዋለሁ። የፋይል ስም ከተቀየረ ግን ግንኙነቱ ሁሉ ይጠፋል። አንዴ «ጀበና3 የመጨረሻ» ብዬ ቀይሬ ግማሽ ቀን ከስሬያለሁ።

የካቲት 20

ከሐረር የመጀመሪያው ድምፅ ደረሰ። መኪና ግርግር፣ ስሟን ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ያገኘችው የጁገል መንገድ። ጠባብ ናት፤ ግንቡ ድምፁን ይመልሰዋል። 10 ደቂቃ ቀረጻ።

ቪዲዮው ላይ አስገብቼ ሳጫውተው የሆነ ነገር ልክ አልመጣልኝም። ሰፊዎቹ ሲነጋገሩ ድምፃቸው የሕፃን ይመስላል። መኪናው ይቸኩላል። «ፍጥነቱን ጨምረሽዋል?» ብዬ ጻፍኩላት። ተቆጣች። እሷ ድምፅ ላይ የማትነካ ሰው ናት።

ጥፋቱ የኔ ነበር። እሷ በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ናሙና ቀድታለች፤ የኔ ፕሮጀክት በ48 ነው። ፋይሉን ያስገባሁበት ፕሮግራም ሳይቀይር እንደ 48 አነበበው። 10 ደቂቃው 9 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሆኗል። እዚያ ላይ ነበር መንቃት የነበረብኝ፤ ርዝመቱን አላየሁም። ከዚህ በኋላ ሁላችንም 48፣ 24 ቢት፤ ፋይሉ ሲጀምር ደግሞ ስምና ቀን በአፍ ይነገራል፣ አንዴ ይጨበጨባል። የገዛ ድምፅህ የሕፃን ከመሰለህ ገና መጀመሪያ ላይ ታውቀዋለህ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። «አቦ ተወው» አለች። ግን ሁለት ቀን አልጻፈችም።

መጋቢት 2

ስብሰባው ፈረሰ። እሑድ ካናዳ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተዋል። የቶሮንቶዋ የምሳ ዕረፍት አሁን ለኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው። ማታ 2 ሰዓት ደግሞ ረመዳን ስለሆነ የሐረሯ ተራዊሕ፣ የረመዳን የማታ ሶላት ላይ ናት። እኔ ለብቻዬ 3 ሰዓት ላይ ስክሪን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ስብሰባውን ተውነው። በምትኩ እያንዳንዳችን በፈለግንበት ሰዓት የድምፅ መልእክት እንተዋለን። በእውነቱ የተሻለ ሆነ። ቪዲዮ ጥሪ ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ይቆራረጣል፤ በድምፅ መልእክት ግን ሰው አስቦ ነው የሚያወራው። የሐረሯ መልእክቶች ጀርባ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ነገር አለ፦ አዛን፣ የሳህን ኮሽታ፣ ልጅ። ሁለቱን ለሥራው ወሰድናቸው።

መጋቢት 10

ኤሌክትሮኒክሱ። ኢኤስፒ32 የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ሦስት፣ እያንዳንዱ 1,300 ብር። ፒዬዞ 12፣ በ80 ብር። እነዚያ ቀጫጭን የነሐስ ክቦች፤ ከአሮጌ የሚጮህ መጫወቻ ውስጥ ፈትቼ ያወጣኋቸው ሁለትም አሉ፤ ከአዲሶቹ አይተናነሱም።

ፒዬዞ ሲመታ ቮልት ያመነጫል። ገሉ ላይ አጣብቀኸው ገሉን በጣት ስታንኳኳው ቦርዱ ላይ ቁጥር ይወጣል፣ ከ0 እስከ 4095። በጣት 600፣ 700። በማንኪያ ሞከርኩት። አንዴ 4095 አሳየና ከዚያ ወዲያ ዝም። ቦርዱ ከ3.3 ቮልት በላይ አይችልም፤ ማንኪያው ከዚያ በላይ ሰጥቶታል። 1,300 ብር በአንድ ማንኪያ።

ከዚያ ወዲህ በፒዬዞው ሁለት ጫፍ መካከል ትርፉ ቮልት ቦርዱ ጋ እንዳይደርስ አንድ ሜጋኦም ሬዚስተርና 3.3 ቮልት ዜነር ዳዮድ አደርጋለሁ። ሁለቱም የሳንቲም ዕቃ ናቸው። መጀመሪያ ያላደረግኩት ስንፍና ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

የሐረሯም ፒዬዞ ጠየቀች። ሦስት በሚኒባስ ሹፌር ላኩላት። የምትሠራውን ስሰማ ደነገጥኩ። ጣውላ ላይ ሁለት ምስማር መትታ፣ ክር ወጥራ፣ ፒዬዞውን ጣውላው ላይ አጣብቃ፣ ክሩ እስኪበጠስ ቀስ እያለች ታጠብቀዋለች። የፋብሪካ ናይለን «ጭው» ይልና ያበቃል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግን ከመበጠሱ በፊት ያንሾካሹካል፤ ጭረቶቹ አንድ በአንድ እየተላቀቁ፣ ጥስ፣ ጥስ፣ ጥስ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ጧ። ያቺ ዝምታ ግማሽ ሰከንድ አትሞላም። ስልክ ማይክ ጨርሶ አይሰማትም።

የገሎቹ ድምፅ ይህ ይሁን ብለን ተስማማን። መኪና ግርግር ወደ ኋላ፣ ዝቅ ብሎ። ሰፊዎቹ ለዒድ ልብስ ሩጫ ላይ ስለሆኑ አሁን ድምፁ ከየካቲቱ ይበልጣል፤ እንደገና ቀዳችው።

መጋቢት 18

ወደ ቶሮንቶ የሚሄድ ሰው ተገኘ። ሁለት ነገር ላክን፦ ዋናዎቹን ቪዲዮዎች በ64 ጊጋ ፍላሽ፣ እና አንድ የተቃጠለ ጀበና።

ጀበናው እንዲሰበር ነበር የላክነው። ሐሳቡ የቶሮንቶዋ ነው፦ በካርቶን ብቻ፣ ያለምንም መጠቅለያ፣ መንገድ ላይ በደረሰበት ሁኔታ ይቀረጽ። ለመንገደኛው አልነገርነውም። ስህተት ነው፤ ብንነግረው ኖሮ ለእናቱ ይነግራቸው ነበር። እናትየው ካርቶኑን ከፍተው «እንዴት ጀበና እንዲህ ይላካል!» ብለው በሁለት ነጠላና በአንድ ብርድ ልብስ ጠቅልለውት እጅ ሻንጣ ውስጥ አስገብተውታል። ያለ አንዲት ጭረት ቶሮንቶ ደረሰ። ነጠላዎቹን የሚመልስ ሰው እየፈለግን ነው።

ፍላሹ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከዘጠኙ ፋይል ሁለቱ አይከፈቱም። መጀመሪያ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የድሮ ፎርማት ስለነበር ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አልቀበልም አለ። ወደ ኤክስፋት ቀየርኩት። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ግን ሰውየው ሊሄድ ነው ተብሎ፣ ኮፒው 100 ፐርሰንት ሲል ጠብቄ «አስወጣ» ሳልል ነቀልኩት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፋይሎች መጠናቸው ይታያል፣ ውስጣቸው የለም።

እንዲሰበር የተላከው ደህና ገባ፣ እንዳይሰበር የተላከው ተሰበረ። የቶሮንቶዋ ይህን ስትሰማ ከሳቋ የተነሳ የድምፅ መልእክቷ አይሰማም።

ሚያዝያ 9

ሸዋል ዒድ፣ ከረመዳን በኋላ የሚመጣው የሐረሪዎች በዓል፣ አልፎ የሐረሯ ተመለሰች፤ ያን ሳምንት ስልክ አላነሳችም፣ መጠበቅም አልነበረብንም።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ሳመነታ ቆይቻለሁ። የቶሮንቶዋ በቪዲዮው መጨረሻ ላይ ጽሑፍ አስገብታ ላከች፦ የደቻቱ ጎርፍ፣ ሐምሌ 1998፣ ከ200 በላይ ሰው። ጀበናው ከፈረሰ በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ። ጥሩ ተሠርቷል። የሐረሯ ዝም አለች። እኔ አልወደድኩትም፣ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም።

ጎረቤታችን እትዬ ያኔ ደቻቱ ዳር ነበሩ። ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ከተራራው በኩል ነው፤ ውሃው ሌሊት መጣ። ቀን ቀን ሰው የሚሻገርበት፣ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት ደረቅ አሸዋ ነው ደቻቱ። ቤታቸው የጭቃ ነበር። ይህን ሁሉ የማውቀው ከሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው አያወሩትም።

ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ጽሑፉን አጥፍቼ፣ የጀበናውን ብቻ አሳየኋቸው። ሃያውን ሰከንድ አዩ። እንደገና አጫውተው አሉኝ። ሆዱ ሲከፈት «ግድግዳው እንዲህ ነው የሄደው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቡና አቀረቡ። ልቅዳዎት ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሲሸኙኝ ግን ራሳቸው «ድምፄን እንዳታስገባ» አሉኝ።

ያንን ለሁለቱም ነገርኳቸው። የቶሮንቶዋ መጀመሪያ ተከራከረች፤ «ካልተጻፈ ማን ያውቃል?» አለች። የሐረሯ መለሰችላት፦ «ድሬ ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? ጽሑፉ ለማን ነው?» ይህ ክርክር አራት ቀን ቆየ፤ ስለ ፋይል ካደረግነው ሁሉ የከረረ ነበር። ጽሑፉ ወጣ። ቶሮንቶ ላይ ስታሳየው ግን እዚያ የሚያውቅ ስለሌለ ታስገባዋለች። ሁለት ቅጂ ሆነ ማለት ነው። እኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም።

ሚያዝያ 20

ከዚራ፣ የመጀመሪያው የመስቀል ሙከራ። ፕሮጀክተር ኪራይ በሌሊት 2,000 ብር። 11 ገል፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር።

መጀመሪያ ሙጫው። ፒዬዞዎቹን በሙቅ ሙጫ አጣብቄ ነበር። ከሰዓት ፀሐይዋ ዛፉን አልፋ ገሎቹን አገኘቻቸው፤ አሥር ሰዓት ሲሆን አራቱ ፒዬዞ በሽቦአቸው ተንጠልጥለዋል። በኢፖክሲ፣ ሲደርቅ በሚጠነክረው ሙጫ፣ መለስኳቸው። ድምፁም ተሻለ፤ ሙቅ ሙጫ ለስላሳ ስለሆነ ምቱን ይውጠዋል።

ቀጥሎ ነፋስ። ገሎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ማንም ሳይነካቸው የክር መበጠስ ድምፅ ይወጣል። ከ300 በላይ ካለ ድምፅ አሰማ ብዬ ነበር ያዘዝኩት፤ 900 አደረግኩት። ከዚያ ደግሞ እትዬ ቀስ ብለው ቢነኩት አይሰማም። 650 ላይ ቆመናል፣ ክሮቹን በአንድ ክንድ አራርቀን።

ከዚያ መብራት ሄደ። ሲመለስ ቪዲዮውን የሚያጫውተው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ራስፕቤሪ ፓይ፣ አልነሳም አለ። ኤስዲ ካርዱ ተበላሽቷል፤ ሲጽፍ ተቋርጦበት። ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ጫንኩት፤ አሁን ካርዱን እንዲያነብ እንጂ እንዳይጽፍ ዘግቼዋለሁ። መብራት አሥር ጊዜ ቢሄድ ግድ የለውም። ሙቀቱም አለ፤ ሳጥን ውስጥ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል፣ ቪዲዮው ይንቀረፈፋል። ክዳኑን አንስቼ ከፊቱ የኮምፒውተር ማራገቢያ አቆምኩ። ያምራል አልልም።

የሚገርመኝ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ገል አልተሰበረም። ሁለቴ መሬት ወድቀዋል።

ግንቦት 3

የቶሮንቶዋ «እኔስ የምነካው የለኝም?» አለች። ልክ ናት። ያልተሰበረው ጀበና እሷ ጋ ነው። ፒዬዞና ኢኤስፒ32 እዚያው ገዝታ እጀታው ላይ አጣበቀች።

መጀመሪያ ድምፅ በቀጥታ ልናስተላልፍ ሞከርን። ይቆራረጣል፣ ዳታ ይበላል። ከዚያ የሐረሯ ያለችው ነገር ሁሉንም አቀለለው፦ «ድምፁ አንተ ጋ አለ አይደል? ምቱን ብቻ ትላክ።» አሁን የሚሄደው አንዲት አጭር መልእክት ናት፤ «ተመታ»፣ ምን ያህል። ጥቂት ባይት። ድምፁ እዚህ ፓይ ላይ ተቀምጧል። ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል፤ ማንም አያውቅበትም። ኔትወርክ ከጠፋም የኛዎቹ ገሎች ይቀጥላሉ።

የሷ ክፍል ነፋስ ስለሌለው መነሻውን 120 ላይ አደረግነው። በጣት ጫፍ ስትዳስሰው ከዚራ ላይ ክር ይበጠሳል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ ማታ

ሰው የምንጠራው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዛሬ የመጨረሻ ሙከራ። የሐረሯ በሚኒባስ ወርዳ መጥታለች፣ በድሬ ሙቀት እያማረረች። ቪዲዮው ይሄዳል፣ ሙቀቱ 68፣ ነፋስ የለም።

3 ሰዓት ሲሆን ገሎቹ በራሳቸው ጀመሩ። ጥስ፣ ጥስ፣ ጥስ፣ ጧ። እንደገና። ከዚያ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ፣ ሳያቋርጥ። ነፋስ ነው ብዬ ክሮቹን በእጄ ያዝኩ፤ አልቆመም። ሽቦ ተነካክቷል ብዬ አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሁለቱንም ቦርድ አጠፋሁ። አሁንም ይበጠሳል። የሐረሯ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ አድርጋ «ይሄ የኛ አይደለም» አለች። «እየፈጠነ ነው የሚሄደው። ሰው አይደለም የሚነካው።»

ለቶሮንቶዋ ጻፍኩላት። ሴንሰርሽ ተበላሽቷል፣ ንቀይው።

መልሷ በፎቶ መጣ። ጀበናው ምድጃ ላይ ነው፣ ፒዬዞው እጀታው ላይ እንደተጣበቀ፣ ሽቦው ወደ ጠረጴዛው ተዘርግቶ።

«አልተበላሸም» ይላል ከሥሩ። «ቡና እየፈላልኝ ነው።»